ልጄ ለምን ቆመች?

በድንጋይ ካባው የአደጋ መዝገብ ላይ ስለ ልጄ ስለ ብርቄ የተጻፈው ቃል ይህ ነበር፦ «ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷት ከቦታው አልሸሸችም። በራሷ ቸልተኝነት ተጎድታለች።»

የተበደልኩት ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም። እግሯን የሰበረውን ድንጋይ አልከሰስኩም። ድንጋይ ከላይ ከተለቀቀ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሌላ ጠባይ የለውም። ሰው ግን እስክሪብቶ ይዞ፣ ተቀምጦ፣ አስቦ ሐሰት ሲጽፍ ዝም ብዬ አላልፍም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ኋላ በማታ ትምህርት አራተኛ ክፍል ደርሼ አቆምኩ። ጽሑፌ ቢጎረብጣችሁ ታገሡኝ። ነገሩን እንደሆነው እነግራችኋለሁ፤ እኔን የሚያሳፍረኝንም ጭምር።

ካባው ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው ተራራ ወገብ ላይ ነው። ለመንገድ ድጋፍ ግንብ የሚሆን ጥቁር ድንጋይ ይወጣበታል። ከላይ ወንዶቹ ድንጋዩን በዲጅኖ እየፈነቀሉ ይለቁታል፤ በገደሉ ፊት ተንከባሎ ታች ሜዳው ላይ ያርፋል። ከገደሉ ሥር ደግሞ ሴቶቹ የሚመላለሱባት ቀጭን መንገድ አለች። ሁለት ሁለት ሆነው ድንጋዩን በባሬላ ተሸክመው መኪናው ወደሚጫንበት ያደርሳሉ። ወንዶቹ የሚፈነቅሉት ሴቶቹ ከመንገዷ ሲወጡ ብቻ ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ግን አንዳንዱ ድንጋይ ማንም ሳይነካው ይመጣል። ከመንገዷ በስተውስጥ አለቱ ወደ ውጭ ያበጠበት ቦታ አለ። ከሥሩ ሰው ቢለጠፍ፣ ከላይ የመጣ ድንጋይ በአናቱ ዘሎ ያልፋል። ዝናብ ሲመጣ የምንጠለልበት እሱ ነው፤ «ጥግ» እንለዋለን። ይህን ቦታ ልብ በሉልኝ።

እኔ ውሃ አመላላሽ ነበርኩ። ጀሪካን ይዤ ከላይ ወንዶቹ ዘንድ እወጣለሁ፣ ከታች ሴቶቹ ዘንድ እወርዳለሁ። የልጅ ልጆች ያየሁ ሴት ስለሆንኩ በዕድሜ ሁሉንም እበልጣለሁ፤ በምላስም ትበልጫለሽ ይሉኛል። አንዷ ሁልጊዜ ከባዱን ጎን ስትይዝ ካየሁ ባሬላውን አስቁሜ አቀያይራቸዋለሁ። ስለዚህ ያወጡልኝ ስም «የካባው ዳኛ» ነው። ለማሾፍ ያወጡት ነው፤ እኔ ግን ወድጄዋለሁ።

አደጋው የደረሰ ዕለት ብርቄ ባዶ ባሬላ በትከሻዋ አድርጋ ብቻዋን እየተመለሰች ነበር። አብራት የምትሸከመው ልጅ ወደ ኋላ ቀርታለች። እኔ ከበርሜሉ ውሃ ስቀዳ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ነበር፤ የሆነውን በጆሮዬ እንጂ በዓይኔ አላየሁም። መጀመሪያ የካቦው የሙላው ድምፅ ከላይ መጣ፦ «ብርቄ!» ከዚያ የልጄ ድምፅ፦ «አቤት!» ከዚያ ድንጋዩ።

ግራ እግሯን ከጉልበቷ በታች ነው ያገኛት። በሆስፒታል ጀሶ ታሰረላት፤ ለሁለት ወር እንዳትረግጥበት ተባለ። በማግስቱ በካባው ቢሮ፣ በሙላው ቃል፣ እነዚያ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ተጻፉ። በካባው ሕግ «በራሱ ቸልተኝነት» የተባለ ሰው ወደ ሥራ አይመለስም፣ ለሕክምናውም ማንም አይጠየቅም። ብርቄ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት።

በስምንተኛው ቀን የሥራ ላይ ደህንነት የሚቆጣጠር ባለሙያ መጣ። ሱራፌል ይባላል፤ ከደሴ የመጣ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው ልጅ ነው። ሠራተኛው ሁሉ ኢንጂነር ይለው ነበር፤ እሱም አልተቃወመም። የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ለብሶ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ቅጹን ጭኑ ላይ አድርጎ ይመለከተን ጀመር። ያን ቀን ካባው ቅዳሴ መሰለ። የሚሳደብ የለም፣ የሚቀልድ የለም፣ ሁሉም ራሱ ላይ ሄልሜት ደፍቷል።

ውሃ ልሰጠው ሄድኩና አጠገቡ ቆምኩ።

«ምንድን ነው የምትጭረው ልጄ?»

«ሰው ሥራ ላይ እንዴት እንደሚሆን ነው የምመዘግበው፣ እማማ። ማን ሄልሜት አደረገ፣ ማን ጓንት አወለቀ፣ ማን ድንጋይ ሥር ቆመ። የሰው ስም አልጽፍም፤ ጭረት ብቻ ነው።»

«ታዲያ የልጄ ስም ለምን ተጻፈ?»

ማን እንደሆንኩ ያን ጊዜ ገባው። ዕቃ መያዣው ውስጥ ያለውን የአደጋ መዝገብ አውጥቶ አሳየኝ። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቅሁት፤ ዛሬ ሰዉ ሁሉ የደፋው ሄልሜት ትናንት የት እንደነበር ያውቃል ወይ? አያውቅም። መጋዘን ተቆልፎበት እንደነበርና እንግዳ ሲመጣ ብቻ እንደሚወጣ ነገርኩት።

«አንተ የምታየው እኛ የምንሠራውን መሰለህ» አልኩት። «አንተ እያየኸን የምንሠራውን ነው የምታየው።»

ፊቱ ትንሽ ቀላ፤ ግን አልተቆጣም። ቅጹን አጠፈና አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅዎት አለኝ።

«ያን ቀን ልጅዎት ተጠርታለች ወይስ አልተጠራችም?»

አልተጠራችም ማለት እችል ነበር። ከበርሜሉ አጠገብ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም። ግን ሐሰት ተጻፈብን ብዬ ሐሰት ልናገር?

«ተጠርታለች።»

«ሰምታለች?»

«ሰምታለች። አቤት ብላለች።»

«ታዲያ ለምን ቆመች?»

 በሕይወቴ አፌ የተያዘው ያን ዕለት ነው። ልጁ በትሕትና ነገረኝ፤ ከነገ ወዲያ ማርያም ስለሆነች ካባው አይሠራም፣ እሱም ነገ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል። እስከዚያ መልስ ካመጣሁለት ይሰማኛል። ካላመጣሁ መዝገቡ ላይ ይፈርማል፤ ከፈረመ በኋላ ማንም መልሶ አይከፍተውም።

ከእሱ ተነሥቼ በቀጥታ ወደ ሙላው ወጣሁ። ሙላው የሟች ባለቤቴ የአክስት ልጅ ነው፤ ለብርቄ አጎት ማለት ነው። ካባው ያስገባንም እሱ ነው። ስምንት ቀን ሙሉ በሄደበት እየተከተልኩ ስሰድበው ነበር። ዘግይተህ ነው የጠራሃት፣ ድምፅህን ቆጥበህ ነው የጠራሃት፣ ራስህን ለማዳን ነው ያስጻፍክባት እለዋለሁ። ያን ቀንም ያንኑ ደገምኩለት። ሰዎቹ ዲጅኗቸውን ተደግፈው ያዳምጡ ነበር። ሙላው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «እትዬ ጥሩዬ፣ ድንጋዩ እንደተነቀነቀ ጠራኋት። ጉሮሮዬ እስኪላጥ ነው የጠራኋት። ከዚህ ሌላ ምን ላድርግ ነው የሚሉኝ?» አለ። ምን እንደምለው ስላላወቅሁ ውሸታም ብዬው ወረድኩ።

ቤት ስደርስ ጀምበር ገና አልጠለቀችም ነበር። ብርቄ በር ላይ ተቀምጣ፣ የታሰረ እግሯን በገለባ የተሞላ ጆንያ ላይ አሳርፋ ምስር ትለቅማለች። ሳልቀመጥ ጠየቅኋት።

«ሙላው ሲጠራሽ ለምን ቆምሽ?»

«ጠራኛ። አቤት አልኩ።»

«እሱንማ ሰምቻለሁ። ለምን አልሮጥሽም ነው የምልሽ።»

«ጋሼ ሙላው ሲጠራኝ ጀርባዬን ሰጥቼው ልሩጥ?» ምስሩን ትታ ቀና አለች። «እየሮጥኩ አቤት ልበል? አንቺ አይደለሽ እንዴ ያስተማርሽኝ?»

ደጁ ላይ ቁጭ አልኩ። የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ የሆነ ነገር ፊቴ ላይ መጣ። ብርቄ ሰባት ዓመቷ ነበር። ኩበት ተሸክማ ቁልቁለቱን ስትወርድ ከላይ ጠራኋት። አቤት አለች፤ ግን ሳትቆም፣ ሳትዞር፣ እየሄደች። ከነሸክሟ ዳገቱን መልሼ አወጣኋት። ፊቴ አቁሜ፣ የጠራሽን ሰው ቆመሽ፣ ዞረሽ፣ ዓይኑን እያየሽ ነው አቤት የምትይው አልኳት። ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ጎረቤቶቼ አይተው ልጅ እንዲህ ነው የሚያሳድጉት አሉኝ። እኔም ኮራሁ። ከዚያ ወዲህ ብርቄ ስትጠራ የማትቆምበት ቀን የለም።

ስምንት ቀን በደለኛ ስፈልግ ከረምኩ። አንዷ እኔው ሆኜ ተገኘሁ።

ያን ምሽት ራት አልበላሁም። ነገሩን ደብቄ፣ ሌላ መልስ ፈጥሬ ብሄድስ ብዬ አስቤያለሁ፤ አልክድም። ነገር ግን ሰውን ሁሉ መስፈሪያህን ሙላ ስል ኖሬ፣ የራሴ ተራ ሲደርስ መስፈሪያውን ላጎድል አልቻልኩም።

በማግስቱ ሱራፌልን ካባው ሳይደርስ መንገድ ላይ ጠበቅሁትና ሁሉንም ነገርኩት። በኛ አገር ስም መጥራት ማስጠንቀቂያ አይደለም አልኩት። ስም መጥራት ና ማለት ነው፣ ቁም ማለት ነው፣ እየኝ ማለት ነው። ቅጽህ ውስጥ ሄልሜትም ጓንትም አለ፣ ይህ ግን የለም። እሱ አላመነኝም፤ እናት ስለሆንኩ ነው የምከራከረው ብሎ አሰበ። እንግዲያው ሰደርያህን አውልቅ፣ ጋቢዬን ልበስና ከበርሜሉ አጠገብ ተቀምጠህ አንድ ጠዋት ብቻ አዳምጥ አልኩት። ይህን እሺ አለኝ።

ጋቢዬን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ተቀመጠ። ሴቶቹ ውሃ ሊጠጡ ሲመጡ አዩት።

«እማማ ጥሩዬ፣ ባል አመጡልን እንዴ?» አለች አንዷ።

«ለእናንተ መች ሆነና። ለራሴ ነው።»

ኢንጂነሩ መሆኑን ማንም አላወቀም። ሄልሜቱም ያን ጠዋት መጋዘን ውስጥ ነበር፤ እሱ አልመጣም ብለው አላወጡትም። ተቀምጠን አዳመጥን። ከላይ «ደሳለኝ!» ይላሉ፤ ደሳለኝ ሥራውን ትቶ ዞሮ «ወዬ!» ይላል። «ዘነቡ!» ይላሉ፤ ዘነቡ ባሬላ እንደተሸከመች ቆማ አንገቷን ወደ ገደሉ አቅንታ «አቤት!» ትላለች፤ ከኋላዋ ያለችው ትጋጫታለች። ልጁ ከጋቢው ሥር ቅጹን ገልብጦ በጀርባው ላይ ጭረት ይጭራል። ለተጠራ አንድ፣ ለቆመ አንድ። አምስት ሰዓት ሳይሆን ገጹ ሞላ። ስሙን ሰምቶ ያልቆመ አንድ ሰው አልነበረም።

ጋቢውን አውልቆ ሲነሣ ግን አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተሸነፈም።

«ይሄ ልማድ ነው፣ እማማ። ልማድ መሆኑን እጽፋለሁ። አደጋ መኖሩን የሚያውቅ ሰው ግን ስሙን ሲሰማ ይሸሻል። ልጅዎት ካባ ውስጥ እንዳለች ታውቃለች። እኔ ብሆን እሸሻለሁ።»

«አንተ?»

«እኔ።»

«እንግዲያው እሷ የቆመችበት ሂድ። ባዶ ባሬላ ተሸከም። እኔ ከላይ እጠራሃለሁ። ወደ ጥጉ፣ ወደዚያ ካበጠው አለት ሥር ከሮጥክ ልጄ ቸልተኛ ናት፤ ፈርምባት።»

ሳቀ። ሆኖም ለቀልድ አልወሰደውም፤ የራሱን ሄልሜት ደፋ፣ ባሬላ አነሣ። ሴቶቹ ከመንገዷ እንዲወጡ አደረገ። እኔ ወደ ላይ ወጣሁ። ሙላው ሰዎቹን ዲጅኗችሁን አስቀምጡ፣ ከጫፉ ራቁ አላቸው። ጠዋት ተፈንቅሎ የቀረ የጠላ ጋን የሚያህል ድንጋይ ጫፉ ላይ ነበር፤ ከሥሩ ሽብልቅ ገብቶለታል። ይሄስ ብዬ ጠየቅሁ። ሙላው በእግሩ ገፋ አድርጎ አየውና «ተይዟል፣ አይሄድም» አለኝ። ያ ልጅ እዚያ የሚሄደው በኔ ክርክር እንደሆነ እያወቅሁ፣ ድንጋዩን አይቼ፣ ሄዶ ይቁም አልኩ። ይህንንም መዝግቡልኝ።

ሱራፌል ከታች ቀና ብሎ «ዝግጁ ነኝ፣ በስሜ ይጥሩኝ!» አለና መሄድ ጀመረ። ከላይ ሆነው ሲያዩት ትንሽ ነው፤ የሚታየው ቢጫ ሄልሜትና ትከሻው ላይ ያለው ባሬላ ነው። ብርቄ የወደቀችበት ቦታ እስኪደርስ እጠብቃለሁ። ሃያ እርምጃ ያህል ቀርቶታል። ከዚያ አሥር።

ከጎኔ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ሽብልቁ ነው። ማንም አልነካውም። ሙላው በሁለት እጁ ሊይዘው ሲዘል አየሁ፤ ሰው በእጁ ጥጃ እንደሚመልስ። ድንጋዩ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ነው ያዘነበለው፤ የሚመለስ ይመስል ነበር። ከዚያ ጫፉን ለቀቀ።

ስሙን ብጠራ ይቆማል። ስሙን ሳልጠራ ብጮህ ለማን እንደተጮኸ አያውቅም። ይህን አሁን ተቀምጬ ነው የማስበው። ያኔ አፌ አሳቤን አልጠበቀም። ማታ ስለዚሁ ነገር እንቅልፍ አጥቼ ያደርኩት እኔ፣ ጠዋት ሙሉ ስም ማስጠንቀቂያ አይደለም ብዬ የተሟገትኩት እኔ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ፦

«ሱራፌል!»

ቆመ። ዞረ። ባሬላውን ከትከሻው አወረደ። በግራ እጁ ፀሐዩን ከለል አድርጎ ፊቱን ወደኔ አቀና።

«አቤት፣ እማማ!»

ድንጋዩ የመጀመሪያውን እርከን መትቶ ዘለለ። ልጁ አላየውም፤ ዓይኑ እኔ ላይ ነው። ብርቄም እንዲህ ነበር የቆመችው። ያኔ ከየት እንደመጣልኝ የማላውቀው ቃል ከአፌ ወጣ።

«ጥግ! ጥግ! ጥግ!»

ለዚህ ቃል አቤት አይባልም። ልጁ እንደ ፍየል ዘለለ። ከዚያ አቧራው ሸፈነን።

 ከድንጋዩ ኋላ ጠጠሩ ገና እየወረደ ነበር። ሙላው አፉን ከፈተ፤ ስሙን ሊጠራ እንደሆነ አወቅሁ። በመዳፌ አፉን ያዝኩት። ልጁ በሕይወት ካለ ስሙን ሲሰማ ከጥጉ ይወጣል፤ ገና የሚወርድ ነገር አለ።  ጠጠሩ እስኪያልቅ እንዲያ ሆነን ቆየን። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፤ «እመ ብርሃን» ብቻ እል ነበር በልቤ። በኋላ ከታች ሳል ሰማን።

እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ባሬላው ከሁለት ተሰብሮ መንገዷ ላይ ተበትኗል። ሱራፌል አለቱን ታክኮ ቁጭ ብሏል፤ ጉልበቱ ተልጦ ይደማል፣ ፊቱ እንደ ጀሶ ነጥቷል። ውሃ አፈሰስኩለት፤ ግማሹን ጠጣ፣ ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ።

«ልሮጥ ነበር እኮ ያሰብኩት» አለኝ።

«አውቃለሁ ልጄ።»

«እግሬ እምቢ አለኝ። እናቴ የጠራችኝ መሰለኝ።»

 ከዚያ ቅጹን ከኪሱ አውጥቶ በጉልበቱ ላይ ዘረጋው። ስለ ብርቄ ከመዝገቡ የገለበጠውን «ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷል» የሚለውን መስመር በእስክሪብቶ ሰረዘ። ወረቀቱ ደም ነካው። ይበቃል ብዬ ዝም ማለት እችል ነበር። ግን አልበቃኝም። ሌላም ጻፍ አልኩት። ስም ማስጠንቀቂያ እንዳልሆነ እያወቅሁ እኔም ስምህን እንደጠራሁ ጻፍ። ብርቄ ስትጠራ እንድትቆም ያሳደግኋት እኔ እንደሆንኩ ጻፍ። ለዚህ ቅጹ ላይ ቦታ የለውም አለኝ። ጀርባው ላይ ጻፈው አልኩት፤ ከጭረቶቹ ሥር ጻፈው።

ሙላው ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። ወደ እሱ ሄድኩ። በሰው ፊት የተሰደበ ሰው በሰው ፊት ነው የሚካሰው፤ ስለዚህ ሁሉም እየሰማ ተናገርኩ።

«ሙላው፣ ስምንት ቀን ውሸታም ስልህ ከረምኩ። ጠርተሃታል። እኔም እንደ አንተው ጠራሁ። ይቅር በለኝ።»

 «እትዬ፣ እኔ ጆሮዬ ላይ የቀረው ጥሪዬ አይደለም። አቤት ያለችው ነው» አለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በካባው ከላይ ወደ ታች ስም መጥራት ቀርቷል። የሰው ስም መጥራት የፈለገ ወርዶ አጠገቡ ደርሶ ይጠራል። ከላይ የሚጮኸው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ጥግ»። ይህን ቃል ለጨዋታ ያወጣ ሰው ከባዱን ጎን ሲሸከም ይውላል፤ ፍርዱን የምሰጠው እኔ ነኝ። ሱራፌል ቅጹን ሲያድስ «ምን ተብሎ ተጮኸ?» የሚል አዲስ መስመር ጨመረበት። ሲመጣም ሳይናገር ነው የሚመጣው፤ መጀመሪያ የሚያየው የመጋዘኑን ቁልፍ ነው። ጉዳት ጠፍቷል አልልም፤ ጣት አሁንም ይቀጠቀጣል፣ ወገብ አሁንም ይሰበራል። ግን ቆሞ ድንጋይ የጠበቀ ሰው ከዚያ ወዲህ አላየንም።

እናንተ ይህን የምታነቡ ልጅ አሳድጋችኋል፣ ወይ ታሳድጋላችሁ። አቤት የማይል ልጅ ዛሬም አልወድም፤ ይህን ጠባዬን ድንጋይም አልለወጠውም። ለልጅ ልጆቼ ግን ትምህርቱን አስተካክያለሁ። ስትጠሪ መጀመሪያ የቆምሽበትን እዪ፤ ደህና ቦታ ግቢ፤ ከዚያ አቤት በይ። የጠራሽ ሰው የሚወድሽ ከሆነ ይጠብቅሻል። መዝገብ የምትይዙ ደግሞ፣ «ቸልተኛ» የምትለውን ቃል ከመጻፋችሁ በፊት ሰውየው ምን እንደተባለና ቃሉን ምን ብሎ እንደሰማው ጠይቁ። ለመጠየቅ ግማሽ ቀን ይበቃል። እኛ ለማሰረዝ ሁለት ወር ፈጅቶብናል።

አዎ፣ ሁለት ወር። ሱራፌል ጽፎ ቢወርድም የካባው ኃላፊ መዝገብ አይሰረዝም አለ። ሰኞ ሰኞ ከቢሮው ደጅ ተቀመጥኩ። ብዙ አልተናገርኩም፤ ብዙ ብናገር ከብዙው ውስጥ ቀላሉን መርጦ ይመልስልኛል ብዬ ፈራሁ። በአንድ ወረቀት አንድ ጥያቄ ብቻ ጽፌ ሰጠሁት፦ ልጄ ብርቄ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷት ነበር ወይ? ሰኞ በመጣ ቁጥር ያንኑ ወረቀት መልሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። አንድ ጊዜ፣ «እማማ፣ ሌላ ሥራ የለዎትም?» አለኝ። አለኝ፤ ይሄ ነው አልኩት።

የገና ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጠኝ። እዚያው አላነበብኩትም። ብርቄ ጀሶው ተፈትቶላት በምርኩዝ መራመድ ጀምራ ነበር፤ ወደ ሥራ ትመለስ አትመለስ የሚለየው በዚህ ወረቀት ነው። ቤት ገብቼ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩና በጣቴ እየተከተልኩ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፦

«ስሟ ተጠርቷል፤ አቤት ብላለች። ማስጠንቀቂያ ግን አልተሰጣትም።»